የበቀል ስንብት ምንድን ነው?

በጃንዋሪ 2009 በአሜሪካ አላባማ ግዛት የሚገኘው ሴንትራል አላባማ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ 29 ሠራተኞችን አሰናበተ። (ከአዋጅ ቁጥር በስተቀር እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምክንያቱ የበጀት እጥረት ነው ተባለ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ የ27ቱ ስንብት ተሰረዘ። ተባረው ከቀሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ኤድዋርድ ሌን ነበሩ።

ሌን በ2006 የተቀጠሩት ለችግር የተጋለጡ ወጣቶችን የሚረዳውን የኮሌጁን ፕሮግራም እንዲመሩ ነው። ፕሮግራሙ የገንዘብ ችግር ስለነበረበት ገና እንደገቡ ሒሳቡን መረመሩ። በደመወዝ መዝገቡ ላይ የሱዛን ሽሚትዝን ስም አገኙ። ሽሚትዝ የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል ነበሩ፤ ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር፤ ሥራ ላይ ግን አይታዩም ነበር። ሌን ነገሩን ለወቅቱ የኮሌጁ ፕሬዚዳንትና ለኮሌጁ ጠበቃ አሳወቁ። እነርሱም ሴትዮዋን ማሰናበት ለሌንም ለኮሌጁም መዘዝ ሊያመጣ እንደሚችል አስጠነቀቋቸው። ሌን ሽሚትዝን ሥራ ገበታቸው ላይ እንዲገኙ ጠየቁ፤ እምቢ ሲሏቸው አሰናበቷቸው።

ጉዳዩ የፌዴራሉ የወንጀል ምርመራ ቢሮ ኤፍ ቢ አይ ዘንድ ደረሰ፤ ሽሚትዝም ተከሰሱ። በ2008 ሌን በመጥሪያ ቀርበው፣ ምለው ያዩትን መሰከሩ። ጁሪው (ፍርዱን የሚሰጡት ተራ ዜጎች) ሳይስማማ ችሎቱ ያለ ውሳኔ ተበተነ። ጉዳዩ እንደገና ሲሰማ ሌን ከኮሌጁ ተባረው ነበር። ያም ሆኖ ዳግም ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚነካኝ ይህ ቀን ነው፤ እንጀራቸውን ካጡ በኋላም ምስክርነታቸው አልታጠፈም። ሽሚትዝ በማጭበርበርና በስርቆት ጥፋተኛ ተብለው 30 ወር እስራትና ከ177 ሺህ ዶላር በላይ ክፍያ ተፈረደባቸው።

አንድ ሠራተኛ የሕግ ጥሰትን በመጠቆሙ፣ እውነቱን በመመስከሩ ወይም ወንጀል እንዲሠራ ሲታዘዝ እምቢ በማለቱ ከተባረረ፣ ያ የበቀል ስንብት ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል። አሜሪካ ውስጥ ግን የቆመው በጣም አስቸጋሪ መሬት ላይ ነው። ከሞንታና በስተቀር በሌሎቹ ግዛቶች፣ ልዩ ውል ወይም የሠራተኛ ማኅበር ስምምነት የሌለውን ሠራተኛ አሠሪው በፈለገው ቀን ምክንያት ሳይሰጥ ማሰናበት ይችላል። ስንብት በቂ ምክንያት እንዲኖረው የሚጠይቀውን የኢትዮጵያን የሠራተኛ ሕግ ለምዶ ለሄደ ወገናችን ይህ ድንጋጤ ነው። አህያዋ «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» ያለችው እዚያ ሕግ ሆኗል፤ ጅቡ ማመካኘት አይጠበቅበትም። የበቀል ስንብት ክልከላ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ አሠሪው ያለ ምክንያት ማባረር ቢችልም፣ ሕግ በከለከለው ምክንያት ግን ማባረር አይችልም።

ለዚህ በር ከከፈቱት ውሳኔዎች አንዱ በ1959 በካሊፎርኒያ የተሰጠው ነው። የሠራተኛ ማኅበር ተቀጣሪ የነበረ ሰው በሕግ አውጪው ኮሚቴ ፊት በሐሰት እንዲመሰክር ታዘዘ፤ እውነቱን ተናገረ፤ በማግስቱ ተባረረ። የግዛቲቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ስንብት መፍቀድ ወንጀልን ማበረታታት ነው በማለት ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደ።

ከሳሹ ማስረዳት ያለበት ሦስት ነገር ነው፤ ሕግ የሚጠብቀውን ተግባር መፈጸሙን፣ መቀጣቱንና ሁለተኛው በመጀመሪያው ምክንያት መምጣቱን። ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ «ስለመሰከርክ አባረርኩህ» ብሎ የሚጽፍ አሠሪ የለምና። ስለዚህ የሚታየው በጥቆማውና በስንብቱ መካከል ያለው ጊዜ፣ ሌሎች ሠራተኞች እንዴት እንደተስተናገዱና አሠሪው ምክንያቱን መለዋወጡ ነው። ዝም ብሎ ማሰናበት የሚችል ሰው ሰበብ ሲደረድር፣ እያንዳንዱ ሰበብ ሊመረመር ይችላል። ሌን የ27ቱን ስንብት መሰረዝ ያነሱት ለዚህ ነው። ያሰናበቷቸው የኋለኛው የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ስቲቭ ፍራንክስ በበኩላቸው በቀል አልፈጸምኩም ብለዋል።

ሌን በ2011 ክስ መሠረቱ፤ የገጠማቸው ግን ሌላ ግድግዳ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2006 የመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ግዴታውን ሲወጣ የሚናገረው ንግግር በሕገ መንግሥቱ የመናገር ነፃነት አይጠበቅም ብሎ ነበር። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ይህንን ይዘው፣ ሌን የመሰከሩት በሥራቸው ስላወቁት ነገር ነው በማለት ክሱን ጣሉት። ይህ አካሄድ ሙስናን ለማየት ከሁሉ የሚቀርበውን ሰው ከሁሉ ያነሰ ጥበቃ ያለው ያደርገዋል፤ ግልጽ በደል ነው ብዬ አምናለሁ። በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ሻረው፤ ከዕለት ሥራው ውጭ ምሎ የመሰከረ ሰው የሚናገረው እንደ ዜጋ ነው አለ። ነገር ግን በ2009 ሕጉ በዚያ አካባቢ በበቂ ግልጽ አልነበረም ተብሎ፣ ፍራንክስ በግላቸው ካሣ ከመክፈል ነፃ ሆኑ። ስንብቱ በእርግጥ በቀል መሆን አለመሆኑንም ፍርድ ቤቱ አልወሰነም። ሌን ለሌሎች መንገድ ጠረጉ፤ ካሣውን ግን ከፍራንክስ ኪስ አላገኙም።

በአማርኛ እንዲህ ያለውን ሰው ምን እንደምንለው አስቡት። ሕጋችን «ጠቋሚ» ይለዋል፤ የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። በብዙዎቻችን ጆሮ ግን ቃሉ ከጆሮ ጠቢና ከነገር አመላላሽ ጎን ይቆማል። ጎረቤቱን ለካድሬ አሳልፎ የሰጠውንና የሕዝብ ገንዘብ ሲበላ አይቶ በፍርድ ቤት የመሰከረውን በአንድ ስም መጥራት ለሁለተኛው ትልቅ ግፍ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይህ የደረሰበት ሰው ከሁሉ በፊት ሊጠነቀቅ የሚገባው ለጊዜ ገደቡ ነው። በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ቨርጂኒያ በ2020 ባወጣችው ሕግ፣ የሕግ ጥሰትን በቅን ልቦና ለአለቃው ወይም ለመንግሥት አካል በመጠቆሙ የተቀጣ ሠራተኛ መክሰስ ያለበት በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ስለ ሥራ ቦታ ደህንነት አቤት በማለቱ የተባረረ ሰው ግን በፌዴራሉ ሕግ ለኦሻ (የሥራ ቦታ ደህንነትን ለሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ለማመልከት 30 ቀን ብቻ አለው። ጥቆማው ራሱ በጽሑፍ፣ ቀን ተጽፎበት ቢቀርብና ቅጂው ቤት ቢቀመጥ ይመረጣል። ከጥቆማው በፊት የተሰጠ የሥራ አፈጻጸም ግምገማም አብሮ ይቀመጥ፤ አሠሪው በኋላ «ሥራው ደካማ ነበር» ቢል፣ የሚመልስለት ራሱ የፈረመበት ወረቀት ነው።