ቬጀቴሪያን ምንድን ነው? አንዱ ሥጋ የሚበላበት፣ ሌላው የማይበላበት ትዳር

ቬጀቴሪያን የሚባለው የከብት ሥጋም ሆነ ዶሮና ዓሣ የማይበላ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ መስመሩ ይለያያል። ወተት፣ አይብ፣ ቅቤና እንቁላል የሚበላ አለ፤ ወተቱን ተቀብሎ እንቁላሉን የሚተው አለ። ከእንስሳ የሚገኘውን ሁሉ፣ ማርን ጨምሮ፣ የተወው ቬጋን ይባላል። ይህ ስም የወጣው በእንግሊዝ አገር የቬጋን ማኅበር በተመሠረተበት በ1944 እ.ኤ.አ. ነው። ሥጋ ትተው ዓሣ የሚበሉ ሰዎችም አንዳንድ ጊዜ ራሳቸውን ቬጀቴሪያን ይላሉ፤ ነገር ግን አይደሉም።

ባልና ሚስት በዚህ ጉዳይ ሲጣሉ ብዙውን ጊዜ የሚጣሉት መስመሩ የት እንዳለ ሳይነጋገሩ ነው። «ሥጋ አልበላም» ያለችው ሚስት ቅቤ ትበላለች ወይስ አትበላም? እንቁላሉ ከዶሮው ጋር በአንድ ድስት ከተቀቀለ ትበላዋለች? የሥጋ ወጥ የተማሰለበት ማማሰያ ሽሮው ውስጥ ቢገባ ችግር አለው? እያንዳንዱን አስቀድሞ መጠየቅ ደረቅ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ምግብ ከተሠራ በኋላ ከመጠየቅ በእጅጉ ይሻላል።

ከጾም የሚለየው በምንድን ነው?

የእኛ ወጥ ቤት ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ መሥራትን ከማንም በላይ ያውቅበታል። ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ የነቢያት ጾም ሲደመሩ የዓመቱን ትልቅ ክፍል ይይዛሉ። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ አዚፋ፣ ቡቲቻ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ የሽምብራ ዓሣ ሁሉም በዚያ ውስጥ ያደጉ ናቸው። ስለዚህ ቤተሰብ አንዱ ሥጋ መተዉን ሲሰማ «ምን አለበት፣ እንደ ጾም ነው» ብሎ ያልፈዋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጾም መያዣም መፍቻም ቀን አለው፤ ይኼኛው መፍቻ የለውም።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ነው። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ምግብ ቤቱ የጾም በያይነቱን ከዝርዝሩ ያወጣል ወይም ሽሮውን በቅቤ ያቀርባል፤ በቤትም የዘይቱ ድስት ወደ ጓዳ ይገባል። 55 ቀን ሙሉ ከባሏ ጋር አንድ ማዕድ የቆረሰች ሚስት በአንድ ሌሊት ብቻዋን ትቀራለች። ባልም በበኩሉ የጓጓለትን የፋሲካ ዶሮ አብራው የምትቋደስ አጥቶ ይከፋዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ አንዳቸው የሌላውን ቅሬታ እንደ ንቀት ካልወሰዱት ነገሩ ይቀላል።

የሃይማኖት ጥያቄም ይነሣል። ሥጋን እንደ ርኩስ ቆጥሮ መተው በ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 4 የተነቀፈ ነው የሚል የትዳር ጓደኛ ይኖራል፤ የሚጠቅሰው ክፍል በእርግጥም አለ። ነገር ግን ለጤና፣ ለእንስሳት በማዘን ወይም ሥጋ ስለማይስማማው የሚተው ሰው ምግቡን ርኩስ እያለ አይደለም። ሮሜ ምዕራፍ 14 ደግሞ የሚበላ የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላም በሚበላው እንዳይፈርድ በቀጥታ ያዝዛል። ከዚህ በተጨማሪ አገሩ የቆየ ልምድ አለው፦ ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ የሌላውን እርድ ስለማይበላ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ሲጠራራ የጾም ምግብ ለብቻ ማዘጋጀት የኖረ የአክብሮት መንገድ ነው። በአንድ ቤት ውስጥም ያው አክብሮት ይሠራል።

አንድ ቁሌት፣ ሁለት ድስት

በየቀኑ ሁለት ዓይነት ወጥ ከባዶ መሥራት ማንንም ያደክማል፤ ድካሙ በአንደኛቸው ትከሻ ላይ ብቻ ከወደቀ ደግሞ ቂም ይሆናል። መፍትሔው ቁሌቱን አንድ ማድረግና መጨረሻ ላይ መክፈል ነው። ለበዓል ቀን እንዲህ ይሠራል።

2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፍና ያለ ዘይት በመለስተኛ እሳት ይቁላላል፤ ውሃው ተንኖ ሽንኩርቱ እስኪሟሽሽ 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። 1 ኩባያ ተኩል ዘይት ይጨመራል። ከዚያ ከ1 ኩባያ በርበሬ 3/4ው ገብቶ፣ ሙቅ ውሃ ጠብ እየተደረገ፣ ሌላ 40 ደቂቃ ይማሰላል። ውሃው ከዘገየ በርበሬው ያርና ይመርራል፤ የመረረ ቁሌት ደግሞ ሁለቱንም ድስት ያበላሻል። 3 የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና 1 ማንኪያ ዝንጅብል ተጨምሮ 15 ደቂቃ ይቆያል። አሁን ይከፈላል፦ ሁለት ሦስተኛው ለዶሮው፣ አንድ ሦስተኛው ለሌላው ድስት።

በዶሮው ድስት ውስጥ የቀረው 1/4 ኩባያ በርበሬና ግማሽ ኩባያ ንጥር ቅቤ ይገባል። በርበሬው ለሁለት ጊዜ የተከፈለበት ምክንያት አለው፦ ቅቤ የገባበት ወጥ ማቃጠሉ ለምላስ ለዘብ ይላል። ሙሉ በርበሬ ይዞ የተከፈለ ቁሌት በቅቤው ድስት ልክ ሲሆን በዘይቱ ድስት ያቃጥላል። በሁለተኛው ድስት 1 ኩባያ የታጠበ የምስር ክክና 3 ኩባያ የፈላ ውሃ ገብቶ 25 ደቂቃ ይንተከተካል። እንቁላል ለሚበላ፣ በምስሩ ፋንታ ለብቻው ተቀቅሎ የተላጠ እንቁላል በዚያው ቁሌት ውስጥ መጨመር ይቻላል። እንጉዳይ ከተመረጠ አስቀድሞ በሌላ መጥበሻ ውሃውን ጨርሶ መጠበስ አለበት፤ በቀጥታ ከገባ ወጡን ያቀጥነዋል። ጨው ሁለቱ ድስቶች ላይ ለየብቻ ይቀመሳል፤ ምስር ከዶሮ የበለጠ ጨው ይፈልጋል።

በብዛት የሚበላሸው ግን ከመክፈሉ በፊት ነው። ቅቤን ገና በቁሌቱ ላይ የመጨመር ልማድ ያለው ሰው እጁ ሳያውቀው ይጨምራል፤ ያኔ ቬጋኑ ከሁለቱም ድስት አይበላም። ሁለት ማማሰያና ሁለት ጭልፋ ከመጀመሪያው ማውጣት፣ መክተፊያውንም መለየት ያስፈልጋል። ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበት መክተፊያ ላይ ሰላጣ መክተፍ ለሥጋ በሊውም ቢሆን የበሽታ በር ነው።

የቅቤው ሽታ ለሚናፍቀው በቅመም የተነጠረ ዘይት ይሠራል፤ የንጥር ቅቤ መዓዛ ግማሹ የቅመሙ ነውና። 1 ሊትር ዘይት ላይ አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 5 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት ዝንጅብል፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ኮረሪማ፣ 1 የሻይ ማንኪያ አብሽ፣ ኮሰረትና በሶብላ ጨምሮ በጣም ዝቅ ባለ እሳት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያም በጥሩ ማጥለያ ማጥለል ነው። ነጭ ሽንኩርት የነካው ዘይት በቤት ሙቀት ውሎ ካደረ አደገኛ ባክቴሪያ ሊያበቅል ስለሚችል ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ በሳምንት ውስጥ ይለቅ።

ሰውነት ምን ይጎድለዋል?

ሥጋ በሊው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ፕሮቲን ነው። በእንጀራና በጥራጥሬ ለሚኖር ሰው ይህ ዋናው ስጋት አይደለም። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በቀን 48 ግራም ገደማ ይበቃዋል፤ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ብቻውን 18 ግራም ያህል ይሰጣል።

ዋናው ስጋት ቫይታሚን ቢ12 ነው። ጿሚው በፍስክ ቀን ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ያገኘዋል፤ ፍስክ የሌለው ቬጋን ግን ከተለመደው ምግቡ አያገኘውም። የእንጀራ እርሾ ይሰጣል የሚለው ወሬ አያስተማምንም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስላለው ጉድለቱ ዘግይቶ ይመጣል፦ እጅና እግር መደንዘዝ፣ ድካም፣ መርሳት። ጎመንና ጥራጥሬ የሚሰጡት ፎሌት የሚባል ቫይታሚን የደም ማነሱን ምልክት ሊሸፍነው ስለሚችል ነርቭ ሳይታወቅ ሊጎዳ ይችላል። የቬጋን ማኅበር ምክር በቀን ቢያንስ 10 ማይክሮግራም ወይም በሳምንት 2000 ማይክሮግራም በኪኒን መውሰድ ነው። እርጉዝና የምታጠባ ሚስት ይህንን ለነገ አትበል፤ ባልም ሥጋ እንድትበላ ከመጎትጎት ኪኒኑን ገዝቶ ቢያመጣላት ይሻላል።

ብረትን በተመለከተ የእኛ ልማድ ራሱ እንቅፋት አለው። ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያግዳል። ቡናውን አንድ ሰዓት ማዘግየትና በገበታው ላይ ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲምና የቃሪያ ሰላጣ ማቅረብ ብዙ ይረዳል። የእንጀራ ሊጥ በደንብ መብላላቱም ይጠቅማል፤ ብረትን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሰዋልና። ለካልሲየም ሐበሻ ጎመን ከቆስጣ ይመረጣል፤ በቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ይዞ ያስቀረዋል። ተልባ ለኦሜጋ 3 ግሩም ነው፤ ግን ይፈጭ፣ ሙሉው ፍሬ ሳይፈጭ ያልፋል።

አማት ቤትና ምግብ ቤት

ለአማት መንገር ያለበት የራሳቸው ልጅ ነው፤ ምራት ወይም አማች ከተናገረ ምግባቸውን የናቀ ይመስላል። የሚነገረውም ከበዓሉ ቀናት ቀደም ብሎ፣ ምን እንደማይበላ ሳይሆን ምን እንደሚበላ ነው፦ «እማዬ፣ ዶሮውን እኔ እበላልዎታለሁ፤ ለእሷ አይቡንና ጎመኑን ያብዙላት፣ ጎመኑ ያለ ሥጋ ይሁን።» ጉርሻ ሲመጣ እጅ መግፋት ያስከፋል፤ ከጎኗ የተቀመጠው ባል ቀድሞ «ከምስሩ ያጉርሷት» ካለ ግን ክብሩ ሳይጓደል ያልፋል። አይብን በተመለከተ ቬጀቴሪያን ስጋት የለበትም፤ የሐበሻ አይብ አሬራን በማሞቅ የሚሠራ ነው፣ እንደ ፓርሜዛን ካሉ የውጭ አይቦች በተለየ ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣ ማርጊያ አይገባበትም። ለቅርጫ ሲዋጣ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ የሚበላበት ቤት ድርሻውን ከዘመድ ጋር ቢካፈል ሥጋውም አይበላሽም፣ የፍሪጁም ግማሽ ለሌላው ይቀራል።

ምግብ ቤት ውስጥ «ሥጋ አለው?» ከማለት «የጾም ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ቦዘና ሽሮ ሥጋ አለው፤ ተጋቢኖ በፍስክ ቀን ብዙ ጊዜ ቅቤ ይነካዋል። ለቬጋን ይህም ጥያቄ ብቻውን አይበቃም፤ አንዳንድ ቤት ዓሣን ከጾም ምግብ ይቆጥራል፣ ማርም በጾም ይበላል። በውጭ አገር የሚኖሩ ደግሞ የሾርባ ማጣፈጫ ኪዩብና ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ጄላቲን ያለበትን ከረሜላ መለያ ጽሑፍ ያንብቡ።

ቅቤ ደብቆ ማብላት፣ «ትንሽ ናት፣ አታውቅም» ብሎ ማለፍ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነው። ከታወቀ በኋላ በዚያ ቤት የተሠራ ምግብ ሁሉ ይጠረጠራል። የልጆቹ ነገርም እንዲሁ በድብቅ አይወሰን፤ እናት ያልፈቀደችውን ሥጋ አባት ውጭ ወስዶ የሚያበላ ከሆነ ልጁ የሚማረው መዋሸትን ነው። ልጁ ሳይወለድ መነጋገር፣ ምርጫው ቬጋን ከሆነ ደግሞ ለዕድሜው የሚመጥነውን የቢ12 መጠን ከሐኪም ጋር ወስኖ ከመጀመሪያው መስጠት ግድ ነው።