በቀን የሚበር የእሳት እራት

ስሙ ራሱ ያሳስታል። የእሳት እራት ስንል ማታ አምፖል ሲዞር የሚያድረው ስለሚታወሰን፣ በቀን የሚበረውን ሁሉ ቢራቢሮ እንለዋለን። ብሪታንያ ውስጥ ግን ይህ መለያ አይሠራም። በአገሩ ቢራቢሮዎች 60 ዝርያ እንኳ አይሞሉም፤ የእሳት እራቶች 2,500 ያህል ናቸው፤ በርካቶቹም በጠራራ ፀሐይ ይበራሉ።

ይልቅ አንቴናውን ተመልከቱ። የቢራቢሮ አንቴና ጫፉ እንደ ክብሪት ራስ ያበጠ ነው፤ የእሳት እራት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ክር ወይም እንደ ላባ ያለ ነው።

በሐምሌ አበባ ላይ የሚገኘው ባለ ስድስት ነጥቡ በርኔት የተባለው የእሳት እራት ግን እዚህም ያታልላል፤ አንቴናው ወደ ጫፉ እየወፈረ ይሄዳል። እሱን የሚያጋልጠው አቀማመጡ ነው፦ ቀይ ነጥብ ያለባቸውን ጥቋቁር ክንፎቹን እንደ ቤት ጣሪያ ጀርባው ላይ ይከድናል።