የአቃቂ ወንዞች ብክለትና የከርሰ ምድር ውኃ

አቃቂ ሁለት ወንዝ ነው። ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ምዕራብ፣ ትልቁ አቃቂ ምሥራቁን ይዞ ይወርዳል። ሁለቱም አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላሉ። አባ ሳሙኤል የሀገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ነው። 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ይህ ባለታሪክ ግድብ በደለልና በእምቦጭ ተይዞ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሶ ሥራ ጀምሯል። እምቦጩም ዝም ብሎ አልመጣም፤ ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ ቀለቡ ነው።

ወንዞቹን የሚበክለው ብዙ ነው፦ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የፋብሪካ ዝቃጭ። ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው ግን ቆዳ ፋብሪካዎች ናቸው። ቆዳ ሲለፋ መጀመሪያ ፀጉሩ በኖራና በሰልፋይድ ይነሣል፤ ቀጥሎ ክሮም የተባለ ብረት ያለበት ኬሚካል ይጠጣል። ሁለቱ ፍሳሾች ለየብቻ መያዝ አለባቸው። አሲድነት ያለው የክሮም ውኃ ከሰልፋይዱ ጋር ከተገናኘ፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት፣ ሰው የሚገድል ጋዝ ይወጣል። ክሮሙን መልሶ መያዝ ግን ይቻላል። ፍሳሹ ላይ ማግኒዚየም ኦክሳይድ ሲጨመር ክሮሙ አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኖ ይዘቅጣል። ዝቃጩ በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ እንደገና ቆዳ ያለፋል። ፋብሪካውም የኬሚካል ወጪው ይቀንስለታል።

ከወንዙ ይልቅ የሚያሳስበው ከርሰ ምድሩ ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ ያሉት የአቃቂ ጉድጓዶች ለአዲስ አበባ ውኃ ያቀርባሉ። አካባቢው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ስንጥቁ ብዙ ስለሆነ ላይ የፈሰሰው ወደ ታች ይሰርጋል። በመሀል ከተማ ባሉ ምንጮች ናይትሬት (ከሰው ቆሻሻም የሚመጣ ኬሚካል) በብዛት ተገኝቷል፤ ዋናው ተጠርጣሪ የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የፈቀደው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ወንዝ ፍሳሹ ከቆመለት ክረምቱ ያጥበዋል። የከርሰ ምድር ውኃ ግን አንዴ ከተበከለ እየሳቡ ማጣራቱ አሥርት ዓመታት ይፈጃል፤ ወጪውም አይቀመስም።

ሕግ በኩል ሀገራችን ወደኋላ አላለችም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካዩ ለጠፋው እንዲከፍል ያዛል። ትልቁ ጥንካሬው አንቀጽ 11 ነው። ማንም ሰው፣ ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በካይን መክሰስ ይችላል። መጀመሪያ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ አቤት ይላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ ፍርድ ቤት ይሄዳል። 

መብቱ የተሞከረውም በአቃቂ ነው። አፓፕ የተባለ የመብት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ አቃቂና ሞጆ ወንዞች ብክለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ክሱን አልተቀበለውም፤ ይግባኙም አልሠመረም። አንዳንድ የሕግ ሰዎች መከሰስ የነበረባቸው ፋብሪካዎቹ ናቸው ይላሉ፤ ሌሎች አይስማሙም። ያም ሆነ ይህ ለአካባቢ ሙግት መንገድ የጠረገ ክስ ነው። የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001 የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሕጉ ሌላ በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የወንዝ ዳርቻዎች ለማልማት 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የሸገር ወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክት ተጀመረ።

የቃሊቲው ፍሳሽ ማጣሪያ ዛሬ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የመያዝ አቅም አለው። ለከተማዋ ትልቅ እፎይታ ነው። የተሠራው ግን በዋናነት ለቤት ፍሳሽ ነው። ቆሻሻውን የሚያጠፋው በባክቴሪያ ነው፤ ባክቴሪያ ደግሞ ክሮምን አይበላም፤ ብረቱ በዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ መጣራት ያለበት እዚያው ፋብሪካው ግቢ፣ ቱቦው ወንዝ ሳይደርስ ነው።