«ፈርመው ሸጡት እኮ»፦ ስለ ቼሮኪዎች ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶችና እውነታው

ጆርጂያ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል የስቴቱን ታሪክ ነው የማስተምረው። የቼሮኪዎች፣ ማለትም ነጮች ከመምጣታቸው በፊት እዚህ ይኖሩ ከነበሩት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የአንዱ፣ ምዕራፍ ላይ በደረስን ቁጥር ከልጆቹ ይልቅ የሚያደክሙኝ ወላጆች ናቸው፣ በተለይ የኛው ሰዎች። ለቅሶ ቤት ብቀመጥ፣ ክላርክስተን ቡና ልጠጣ ብገባ፣ ሥራዬን ሲሰሙ አንዱ ቀበል አድርጎ «እነሱ እኮ መሬታቸውን ራሳቸው ፈርመው ሸጠው ነው የሄዱት» ይለኛል። ሰለቸኝ። ቤት ገዝተን ልጅ የምናሳድገው እነሱ በተባረሩበት ስቴት ነው፣ ቢያንስ ታሪኩን በትክክል እንወቀው። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልጨርሳቸው።

«ድንኳን ተክለው የሚዞሩ ዘላኖች ነበሩ።» አልነበሩም። ፊልም ላይ የምታዩት ድንኳን የሌሎች ሕዝቦች ነው፣ የምዕራቡ ሜዳ ሰዎች። ቼሮኪዎች በደቡብ አፓላቺያን ተራሮች፣ ዛሬ ጆርጂያ፣ ቴነሲ፣ ኖርዝ ካሮላይናና አላባማ በምንላቸው ቦታዎች መንደር መሥርተው በቆሎ የሚያርሱ ገበሬዎች ነበሩ፣ በ1830ዎቹ ደግሞ በግንድ የተሠራ ቤት፣ ከብትና የኮክ ዛፍ የነበረው ብዙ ነው።

«የእንባ ጎዳና የቼሮኪዎች ብቻ ነው።» የእንባ ጎዳና የሚባለው ነባር ሕዝቦች ከመሬታቸው ተነቅለው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬዋ ኦክላሆማ፣ በግድ የተነዱበት ጉዞ ነው። ቾክታው፣ ክሪክ፣ ቺካሳውና ሴሚኖሌ የሚባሉት ሕዝቦችም ተነቅለዋል።

«ያባረራቸው ጃክሰን ነው።» ግማሹ ልክ ነው። የማባረሪያውን ሕግ ግንቦት 1830 የፈረመው የዛን ጊዜው ፕሬዝዳንት አንድሪው ጃክሰን ነው፣ ሕጉም በተወካዮች ምክር ቤት 102 ለ97 ነው ያለፈው፣ ማለትም የዛን ጊዜም «ይሄ ግፍ ነው» ያለ ነጭ ሞልቶ ነበር። ወታደር ገብቶ ሰዉን ከቤቱ ያወጣው ግን በ1838፣ ጃክሰን ከሥልጣን ወርዶ ቫን ቢውረን ፕሬዝዳንት እያለ ነው።

«ያልተማሩ ስለነበሩ ተታለሉ።» ይሄኛው ያናድደኛል። ሴኮያ የሚባል እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችል ሰው በ1821 ለቋንቋቸው ፊደል ሠርቶ ጨረሰ፣ ዛሬ 85 ሆሄያት አሉት። እንደኛው አንዱ ሆሄ አንድ ድምፅ ከነአናባቢው ይይዛል፣ ግን እኛ ለ፣ ሉ፣ ሊ ስንል መልኩ ዘመዳሞች መሆናቸውን ይናገራል፣ የነሱ ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ነው የሚጠናው። እንዲያም ሆኖ በጥቂት ዓመት ሕዝቡ ማንበብ ቻለ። በ1827 ሕገ መንግሥት ጻፉ፣ በየካቲት 1828 ዋና ከተማቸው ኒው ኤቾታ ላይ በሁለት ቋንቋ ጋዜጣ ማተም ጀመሩ። የተባረሩት የተማሩ ሆነው፣ ወረቀት ይዘው፣ ጠበቃ አቁመው ነው።

አሁን ወደዚያ «ፈርመው ሸጡት» ወደሚለው ልምጣ።

መጀመሪያ ከፊርማው በፊት የሆነውን ስሙ። ዳሎኔጋ አካባቢ ወርቅ ተገኘ ሲባል ጆርጂያ የቼሮኪን መሬት በራሷ ሕግ ጠቅልላ ያዘች። ቼሮኪ በገዛ መሬቱ ወርቅ እንዳይቆፍር ከለከሉ፣ ምክር ቤቱ እንዳይሰበሰብ ከለከሉ፣ ነጭ ቢዘርፈው ደግሞ ፍርድ ቤት ቆሞ በነጭ ላይ መመስከር አይችልም። ከዛ በ1832 መሬቱን በሎተሪ አወጡት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ቀያሾች ሄደው መሬቱን ባለ 160 ኤከርና፣ ወርቅ አለበት በተባለው በኩል ባለ 40 ኤከር ቦታ አድርገው ሸነሸኑት፣ አንዱ በርሜል ውስጥ የተመዘገቡ ነጮች ስም፣ ሌላው በርሜል ውስጥ የመሬት ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ተከተተ፣ ከሁለቱም አንድ አንድ እያወጡ ማዛመድ ነው። ባለቤቱ እዛው ቤቱ ውስጥ እያለ! የቼሮኪዎቹ ዋና መሪ ጆን ሮስ ራሱ በ1835 ከዋሽንግተን ሲመለስ ቤቱን ሎተሪ የደረሰው ሰው ገብቶበት አገኘው። ቴነሲ ተሻግሮ ትንሽ የእንጨት ቤት ውስጥ ነው የገባው።

ፍርድ ቤት አልሄዱም እንዴ? ሄደዋል፣ ያውም አሸንፈዋል። ሳሙኤል ዉስተር የሚባል ሚሲዮናዊ ያለ ጆርጂያ ፈቃድ ከቼሮኪዎች ጋር ኖረሃል ተብሎ አራት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደበት፣ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በመጋቢት 1832 የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪ ምድር ላይ ቅንጣት ጉልበት የለውም ተባለ። ጆርጂያ ለክርክሩ ጠበቃ እንኳን አልላከችም። ሰውየውንም እስከ ጥር 1833 አልፈታችውም።

ፊርማው የመጣው እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን 1835፣ ሮስ ዋሽንግተን እያለ፣ ሃያ ገደማ ሰዎች ኒው ኤቾታ ላይ ፈረሙ፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ያለው የቼሮኪ መሬት በሙሉ በ5 ሚሊዮን ዶላር። ሕዝቡ ከ16 ሺህ በላይ ነበር። ፈራሚዎቹን የቼሮኪ ምክር ቤት አልወከላቸውም፣ ያለ ሕዝቡ ፈቃድ መሬት የሸጠ ሞት ይፈረድበታል የሚል የራሳቸው ሕግም ነበር። ከፈራሚዎቹ ዋናው ሜጀር ሪጅ ይሄን በደንብ ያውቃል፣ ምክንያቱም በ1807 በመሬት ሽያጭ ምክንያት ደብልሄድ የተባለውን አለቃ ከገደሉት አንዱ እሱ ነው።

እነ ሪጅን ሆዳም ከሃዲ ብሎ ማለፍም ቀላል ነው፣ እኔ እንደዛ አላስተምርም። ጆርጂያ መቼም አትመለስም፣ ከቆየን እንጠፋለን ብለው ነው። ግን የመሸጥ ሥልጣን አልነበራቸውም፣ ነገሩ ይኸው ነው። አንድ የተማሪዬ አባት «ውል ውል ነው» ብለው ሲከራከሩኝ፣ «እድራችሁ ሊቀመንበሩ በሌለበት ሃያ አባል ተሰብስቦ የሁላችሁንም ቤት ቢሸጥ ሸጥኩ ይላሉ?» አልኳቸው። ዝም አሉ።

ሮስ ከ15 ሺህ በላይ ስም ያለበት ተቃውሞ ይዞ ቀረበ። ሴኔቱ ግን በግንቦት 1836 ውሉን 31 ለ15 አጸደቀው፣ ከደጋፊዎቹ አንዱ ዞሮ ቢቃወም ሁለት ሦስተኛው አይሞላም ነበር። መሬቱን እንዲለቁ ሁለት ዓመት ተሰጣቸው፣ ቀኑ ሲደርስ ጄኔራል ስኮት ወደ 7 ሺህ ወታደር ይዞ መጣና ሰዉን በበጋ ሙቀት አጥር ውስጥ አጎረው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሟች ግምት 4 ሺህ ነው፣ እናንተ መንገድ ላይ በብርድ ብቻ ያለቁ ይመስላችኋል፣ ግን ብዙ ሰው ገና ሳይነሳ እዛው ካምፕ በተቅማጥና በኩፍኝ ነው ያለቀው። ውሉን የፈረሙት ሪጅ፣ ልጁ ጆንና የጋዜጣው የመጀመሪያ አዘጋጅ ኤልያስ ቡዲኖ በዚሁ ፊርማ ምክንያት በራሳቸው ወገኖች ሰኔ 22 ቀን 1839 ባንድ ቀን ተገደሉ።

ደግሞ ውል ውል ነው የምትሉ፣ የዚያው ውል አንቀጽ 7 ቼሮኪዎች በአሜሪካ ኮንግረስ ተወካይ ይኖራቸዋል ይላል። መሬቱን ለመውሰድ ውሉ ወዲያው ሠራ፣ ተወካይዋን ኪም ቲሂን በ2019 ሰይመው ሲጠይቁ ግን ጉዳዩ ገና ክርክር ነው።

«ጠፍተዋል» ለምትሉም፣ የቼሮኪ ኔሽን ብቻ ከ450 ሺህ በላይ ዜጋ አለው፣ መቀመጫው ኦክላሆማ ታለኳ ነው። ኖርዝ ካሮላይና ተራራ ላይ የቀሩትም ዛሬ ኳላ የሚባለው መሬታቸው ላይ አሉ።

አንድ ብዙዎቻችን የማንነካው ነገር አለ። ቼሮኪዎች ውስጥ ጥቁር ባሪያ የነበራቸው ነበሩ፣ በ1835ቱ ቆጠራ ወደ 1,600 ባሪያዎች ተመዝግበዋል፣ እነሱም ያንን መንገድ አብረው ሄደዋል። በ1866 ውል ዜግነት ተሰጣቸው፣ በ2007 ዘሮቻቸው ከዜግነት ይውጡ ተባለ፣ በ2017 የፌደራል ፍርድ ቤት መብታቸውን አጸና፣ በ2021 የቼሮኪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ ዜግነትን በዘር የሚገድበውን «በደም» የሚለውን ቃል ከሕገ መንግሥቱ አወጣ። የግፍ ታሪክ ስታወሩ እነሱን አትዝለሏቸው።

አትላንታ ላላችሁ፣ ኒው ኤቾታ በአይ 75 ወደ ሰሜን ካልሁን አጠገብ ነው፣ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። የዉስተር ቤት በቦታው ቆሟል፣ ማተሚያ ቤቱ እንደገና የተሠራ ነው፣ ልጆቹን እዛ ወስዳችሁ ፊደሉን አሳዩአቸው። የሚከፈትበትን ቀን ቀድማችሁ እዩ። ለትምህርት ቤት ዝግጅት ደግሞ እባካችሁ ልጆቹን ላባ ሰክታችሁ አትላኩብኝ።