ፋይልቢት ከማይኤስኪውኤል ሎግ የሚያወጣቸው ፊልዶች

ፋይልቢት ሰርቨር ላይ ተቀምጦ የሎግ ፋይል (ፕሮግራሞች የሆነውን የሚመዘግቡበት ፋይል) እያነበበ ኢላስቲክሰርች ወደሚባለው የፍለጋ ዳታቤዝ የሚልክ ቀላል ግን በጣም ታማኝ ፕሮግራም ነው፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ እንኳ የት ጋ እንደደረሰ መዝግቦ ስለሚይዝ ሲመለስ ከዛው ይቀጥላል። ቨርዥን 1.0 በፈረንጆቹ 2015 ወጣ፣ ለየፕሮግራሙ ሎግ የተዘጋጁት ሞጁሎቹ ደግሞ በ2017 ከ5.3 ጋር መጡ፣ ከዛ በፊት ሁሉም ሰው የራሱን ግሮክ ፓተርን (የሎግ መስመር የሚበትን ቀመር) እየጻፈ ነበር የሚሰቃየው።

ማይኤስኪውኤል ለሚባለው ዳታቤዝ የተሰራው ሞጁል ሁለት ሎግ ነው የሚያነበው፣ ኤረር ሎግና ስሎው ሎግ። ከኤረር ሎግ ሰዓቱን፣ ትሬድ አይዲውን፣ የኤረሩን ደረጃና መልእክቱን ያወጣል።

ዋናው ሀብት ያለው ብዙ ጊዜ የፈጁ ኩዌሪዎች (ለዳታቤዙ የሚላኩ ጥያቄዎች) የሚመዘገቡበት ስሎው ሎግ ላይ ነው። በዲፎልት ዝግ ስለሆነ መጀመሪያ ዳታቤዙ ላይ መከፈት አለበት፣ ሎንግ ኩዌሪ ታይም የሚባለው የመመዝገቢያ ገደብም በዲፎልት 10 ሰከንድ ስለሆነ እሱ ካልወረደ 9 ሰከንድ የፈጀ ኩዌሪ ጭራሽ አይመዘገብም። 0 ይሁን የሚሉ አሉ፣ ስራ የበዛበት ሰርቨር ላይ ግን ዲስክ ይሞላል፣ 1 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ይመስለኛል።

አንድ ኩዌሪ እዛ ሎግ ላይ ብዙ መስመር ስለሚይዝ ፋይልቢት ሰብስቦ አንድ ኢቨንት ያደርገዋል። ኢቨንቱን ወደ ፊልዶች (የየራሳቸው ስም ያላቸው መረጃዎች) የሚበትነው ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው እሱ አይደለም፣ ኢላስቲክሰርች ላይ ያለው ኢንጀስት ፓይፕላይን (ዳታው ሲገባ የሚያዘጋጀው ክፍል) ነው፣ ስለዚህ ሎግስታሽ በሚባል ሌላ ፕሮግራም አዙሮ የሚልክ ሰው ፓይፕላይኑን ቀድሞ ካልጫነና ስሙን ካልጠቆመ ሁሉም ነገር አንድ ላይ እንደተጠቀለለ ይገባል።

ሲበተን የዩዘሩ ስም፣ የመጣበት አይፒ፣ ኩዌሪው ራሱ፣ የፈጀው ጊዜና በሎክ (ሌላ ኩዌሪ ዳታውን ይዞበት) የጠበቀው ጊዜ ለየብቻ ይቀመጣሉ። እዚህ ጋ ጥንቃቄ፦ ከ7.0 (2019) ጀምሮ ጠቅላላው ጊዜ ኢቨንት ዱሬሽን በሚባል ፊልድ በናኖሰከንድ ነው የሚገባው፣ 2 ሰከንድ ማለት 2,000,000,000 ነው፣ ሎክ ታይም ግን አሁንም በሰከንድ ስለሆነ ሁለቱን ወደ አንድ መለኪያ ሳይቀይሩ አንድ ግራፍ ላይ ማስቀመጥ ያሳስታል።

እኔ ሁሌ መጀመሪያ የማየው ሮውስ ኤግዛሚንድና ሮውስ ሴንትን (ኩዌሪው ያገላበጠውንና የመለሰውን የሮው ብዛት) ነው። 500,000 ሮው አገላብጦ 3 ብቻ የመለሰ ኩዌሪ ብዙ ጊዜ ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፋጥን ማውጫ) የጎደለው ነው፣ ካውንትና ድምር የሚሰሩት ላይ ግን ይሄ አይሰራም፣ እነሱ ተፈጥሯቸው ነው። ፉል ስካን፣ ፋይልሶርት፣ ዲስክ ላይ የወጣ ቴምፖራሪ ቴብል የሚሉት ፊልዶች እንደ ፐርኮና ያሉ የማይኤስኪውኤል ዝርያ ሰርቨሮች ሲጽፏቸው ብቻ ነው የሚሞሉት፣ ስለዚህ ባዶ ሆነው ቢገኙ ሞጁሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

የኩዌሪው ፊልድ ውስጥ የደንበኛ ስልክ ቁጥርና ስም እንዳለ ይገባል፣ ስለዚህ ኪባና (የኢላስቲክሰርች ዳታ የሚታይበት ገጽ) ላይ ማን ምን እንደሚያይ መወሰን ግዴታ ነው።

ሰዓቱም ያምታታል። ከ5.7 ወዲህ ማይኤስኪውኤል በዲፎልት በዩቲሲ (ከአዲስ አበባ 3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው የዓለም ሰዓት) ነው የሚጽፈው፣ ኪባና ደግሞ በብራውዘሩ ሰዓት ያሳያል፣ አዲስ አበባ ሆኖ ለሚያይ ፋይሉ ላይ 08:00 ያለው ኪባና ላይ 11:00 ነው፣ ስልክ ደውሎ «ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ሲስተሙ ቆመ» ያለው ሰው የሚያወራውም ስለዛችው ደቂቃ ነው።