ለልብ ጤና የሚደረግ የደም ምርመራ፦ ውጤቱን እንዴት እንረዳው?

የላቦራቶሪ ውጤት ሲደርሰን አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንፈልገው ከቁጥሮቹ ጎን የምትታተመውን ምልክት ነው፤ «ከፍተኛ» ወይም «ዝቅተኛ» የምትለውን። ምልክቷ ከሌለች ወረቀቱ ታጥፎ ይቀመጣል። ወረቀቱ ላይ ያለው መደበኛ መጠን ግን ለሁሉም ሰው በጅምላ የተዘጋጀ ነው፤ የታማሚውን ዕድሜ፣ የደም ግፊቱን፣ ማጨስ አለማጨሱን፣ የቤተሰቡን የበሽታ ታሪክ አያውቅም። በዴሲሊትር 110 ሚሊግራም የሆነ ኤልዲኤል («መጥፎው ኮሌስትሮል» የሚባለው) ለአንድ ጤነኛ ወጣት ብዙም አያሳስብ ይሆናል። ያው ቁጥር ከዚህ በፊት ድንገተኛ የልብ ሕመም ያጋጠመው ሰው ላይ ሲገኝ ግን ሕክምናው ገና እንዳልበቃ ያሳያል።

ከምርመራዎቹ ሁሉ በብዛት የሚታዘዘው የደም ቅባት ምርመራ ሲሆን ጠቅላላ ኮሌስትሮልን፣ ኤልዲኤልን፣ ኤችዲኤልንና ትራይግሊሰራይድን (ሌላ የደም ቅባት ዓይነት) ይይዛል። ኮሌስትሮል ቅባት ስለሆነ ብቻውን በደም ውስጥ ሊሟሟ አይችልም፤ ከፕሮቲን ጋር በተሠሩ ጥቃቅን እሽጎች ተጭኖ ይጓዛል። ኤልዲኤል ከእነዚህ እሽጎች አንዱ ነው። በደም ውስጥ ሲበዛ የደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ እየሰረገ ይከማቻል፤ ክምችቱ ከዓመታት በኋላ ቧንቧውን ያጠብባል፣ ወይም ድንገት ተሰንጥቆ ደም ያረጋል። ጉዳቱ የሚወሰነው በመጠኑና በቆየበት ዘመን ነው። በወጣትነት የታየ ከፍተኛ ኤልዲኤል ቸል መባል የሌለበትም በዚህ ምክንያት ነው።

በጥቅሉ ከ100 ሚሊግራም በታች የሆነ ኤልዲኤል ጥሩ ነው ይባላል። የልብ ደም ቅዳ በሽታ ላለበት ሰው ግን ግቡ ከ70 በታች ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ ደግሞ አደጋቸው እጅግ ከፍተኛ ለሆነ ሰዎች ከ55 በታች እንዲሆን ይመክራል። ቁጥሩ 190 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ጥያቄው ከአመጋገብ ያልፋል፤ በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ ኮሌስትሮል መጠርጠር አለበት። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የዚህን ሕመም መነሻ ሲመረምሩ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚያነሣበትን ተቀባይ አገኙ፤ ለሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ሕመሙ ካለበት ወላጅ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ስለሆነ፣ ወንድምና እህት፣ ልጆችም ጭምር መመርመር ይገባቸዋል።

ብዙ ላቦራቶሪዎች ኤልዲኤልን በቀጥታ አይለኩትም፤ ያሰሉታል። ለምሳሌ ጠቅላላው 220፣ ኤችዲኤል 45፣ ትራይግሊሰራይድ 150 ቢሆን፣ ትራይግሊሰራይዱ ለ5 ተካፍሎ የሚገኘው 30 እና ኤችዲኤሉ 45 ከ220 ላይ ይቀነሳሉ፤ ኤልዲኤሉ 145 ሆነ ማለት ነው። ይህ ስሌት ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሲያልፍ አይሠራም። ኤችዲኤሉን ብቻ ከጠቅላላው ቀንሰን የምናገኘው 175 ደግሞ ጎጂ የሆኑትን እሽጎች ኮሌስትሮል በሙሉ ይይዛል። ወረቀቱ ላይ ባይጻፍም ማንም በቀላሉ ሊያወጣው የሚችል ጠቃሚ ቁጥር ነው።

መለኪያውንም ማየት ያሻል። ውጤቱ በሚሊሞል በሊትር ከተጻፈ፣ ኮሌስትሮልን በ38.7፣ ትራይግሊሰራይድን በ88.6 ማባዛት ወደ ሚሊግራም ይመልሰዋል። ሁለት ወረቀቶችን መለኪያቸውን ሳያዩ ማወዳደር በከንቱ ያስደነግጣል፤ ወይም በከንቱ ያጽናናል።

ኤችዲኤል «ጥሩው ኮሌስትሮል» ይባላል። ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች ሲሆን ዝቅተኛ ነው። ይሁን እንጂ ከፍ ያለ ኤችዲኤል የኤልዲኤልን ጉዳት ያጣፋል ብሎ መተማመን ስሕተት ነው፤ ኤችዲኤልን የሚጨምረው ኒያሲን የተባለ ቫይታሚን ኮሌስትሮልን በሚቀንሰው መድኃኒት በስታቲን ላይ ተጨምሮ በተሰጠባቸው ትልልቅ ጥናቶች ኤችዲኤል ጨምሮ ሳለ ድንገተኛ የልብ ሕመም አልቀነሰም። ትራይግሊሰራይድ ከ150 በታች ሲሆን መልካም ነው፤ ከ500 ሲያልፍ ከልብ አልፎ ቆሽትን ለብግነት ያጋልጣል። ምግብ በቶሎ የሚለውጠውም እሱን ስለሆነ፣ ከፍ ካለ ጾሞ መድገም የተለመደ ነው። ለቀሪዎቹ መጾም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

ኤልዲኤልን የሚመስለው ሌላ እሽግ፣ ሊፖፕሮቲን ኤ፣ በመደበኛው ምርመራ ውስጥ አይካተትም፤ እኔ ግን ቢያንስ በዕድሜ አንድ ጊዜ መለካት አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ። መጠኑን የሚወስነው በአብዛኛው ዘር ነው፤ አመጋገብና ስፖርት እምብዛም አይለውጡትም። በዴሲሊትር ከ50 ሚሊግራም በላይ ሲሆን አደጋን ይጨምራል። ሌላው ሁሉ ደህና በሆነበት ቤተሰብ ውስጥ በለጋ ዕድሜ ለሚደርስ የልብ ሕመም ምክንያቱ አንዳንዴ እዚህ ይገኛል።

የሦስት ወር ገደማ የስኳር አማካይ የሚያሳየው ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን የስኳር በሽታን ያመለክታል፤ ስኳርና የኩላሊት ድካም ደግሞ የልብን አደጋ ከፍ ያደርጋሉ። ብግነትን የሚለካው ሲአርፒ በጉንፋንም ስለሚጨምር፣ በሕመም ሰሞን የተወሰደው ስለ ልብ ብዙ አይነግርም። ኮሌስትሮልም በእርግዝና ይጨምራል፤ በከባድ ሕመም ጊዜ ይቀንሳል።

ትሮፖኒንና ቢኤንፒ የሚመልሱት ጥያቄ ሌላ ነው። ቢኤንፒ ልብ ሲወጠር የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። ትንፋሽ ላጠረው ሰው ዝቅተኛ ውጤት የልብ ድካም አለመሆኑን በብዙ መልኩ ያረጋግጣል፤ ዕድሜና የኩላሊት ሕመም ግን ከፍ ያደርጉታል፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ደግሞ ዝቅ። ትሮፖኒን በድንገተኛ የልብ ሕመም እንደሚሆነው የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ፕሮቲን ነው። የልብ ጡንቻ ብግነት፣ የሳንባ ደም መርጋትና የኩላሊት ሕመምም ሊጨምሩት ስለሚችሉ ሐኪሙ በሰዓታት ልዩነት ደጋግሞ ያስለካል፤ የሚፈልገው መጨመሩን ወይም መቀነሱን ነው። የደም ቅባቱ ውጤት ደህና የሆነ ሰውም ድንገተኛ የልብ ሕመም ሊይዘው ይችላል። ደረቱን የጨመደደው፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የተሰራጨበት ሰው ያለፈ ወር ወረቀቱን እያገላበጠ አይጠብቅ፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።