የመስሚያ ሉፕ ምንድን ነው?

አዳራሽ ውስጥ የመስማት ችግር ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ቅሬታ "ድምፁ ይሰማኛል፣ የሚባለው ግን አይለየኝም" የሚል ነው። አዘጋጆች ይህን ሲሰሙ የስፒከሩን ድምፅ ይጨምራሉ፤ ይህ ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል። ፒያሳ እንደሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ጣሪያው ከፍ ባለ ቤት ውስጥ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ያለፈው ቃል በሚቀጥለው ላይ ይደረባል። የመስሚያ መሣሪያም ንግግሩን፣ ማስተጋባቱንና የጎረቤቱን ሳል አብሮ ነው የሚያጎላው። በደንብ የሚያገለግለው ተናጋሪው ከ2 ሜትር ብዙም ካልራቀ ነው።

ሉፕ ይህን ርቀት ያስቀራል። ሉፕ ማለት በአዳራሹ ዙሪያ የሚዘረጋ የመዳብ ሽቦ ነው። ከማይኩ የመጣው ድምፅ በሉፕ አምፕሊፋየር በኩል ወደ ሽቦው ይገባል፤ ሽቦውም ከንግግሩ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ብዙ የመስሚያ መሣሪያዎች ውስጥ ቴሌኮይል የሚባል ትንሽ ጥቅል ሽቦ አለ። መሣሪያው "ቲ" በሚባለው የቴሌኮይል ምርጫ ላይ ሲደረግ ቴሌኮይሉ መስኩን ተቀብሎ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮውን ማይኩ ላይ እንዳደረገ ያህል ይሰማል።

ሽቦ መዘርጋቱ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ሶሌታው ውስጥ ያለው ፌሮ ነው። ፌሮ መስኩን ያዳክማል፤ በተለይ ቀጫጭን ድምፆችን ስለሚውጥ "ሰ" እና "ሸ" ይደበዝዛሉ፣ ጉዳቱም መሐል ወንበሮች ላይ ይብሳል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ዙር ከመዘርጋት ይልቅ ጠፍጣፋ ሽቦን ምንጣፍ ሥር በጠባብ ዙሮች መደርደር ይመረጣል። ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ ይህን ማስተካከል ውድ ነው፤ ልኬቱ ከዚያ በፊት ይሠራ። አይኢሲ 60118-4 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚጠይቀው የመስክ ጥንካሬ ንግግሩ እጅግ በሚጎላበት ቅጽበት 400 ሚሊአምፔር በሜትር ነው፤ ለተቀመጠ ሰው የሚለካውም ከወለሉ 1.2 ሜትር ከፍ ብሎ ነው።

ሌላው ጠላት የመብራት መስመር ነው። ሽቦ ከመገዛቱ በፊት አንድ ሰው መሣሪያውን "ቲ" ላይ አድርጎ አዳራሹን ይዙር። የማያቋርጥ እዝዝ የሚል ድምፅ ከሰማ በአጠገቡ የተሳሳተ የኒውትራል ገመድ ወይም ዲመር (የመብራት ድምቀት መቀነሻ) ይኖራል፤ መጀመሪያ እሱ ይታረም። መስኩ ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ክፍልም ይደርሳል። ፍርድ ቤት ወይም ምስጢር የሚነገርበት ስብሰባ ከሆነ ይህን የሚቀንስ አዘረጋግ ያስፈልጋል። ለባንክ መስኮት ግን ከባንኮኒው ሥር የሚገጠም፣ 1 ሜትር አካባቢ ብቻ የሚሸፍን ትንሽ ሉፕ ይበቃል። በመስታወት በኩል ለሚነጋገር ሰው እፎይታው ትልቅ ነው።

ሁሉም ተሟልቶም "አይሠራም" የሚባልበት የተለመደ ምክንያት የተጠቃሚው "ቲ" አለመከፈቱ ነው። የሚከፍተው መሣሪያውን ያስተካከለው ባለሙያ ነው፤ ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ጥቃቅኖቹ ደግሞ ብዙዎቹ ቴሌኮይል የላቸውም። ለእነዚህም፣ መሣሪያ ለሌላቸው አዛውንቶችም የሉፕ መቀበያና ኢርፎን በር ላይ ይቀመጥ። በምልክት ቋንቋ ለሚግባቡ ሰዎች ሉፕ ምንም አይጠቅምም፤ ለእነሱ በብርሃን የቆመ አስተርጓሚ ያስፈልጋል።

"ድምፄ ያለ ማይክም ይሰማል" የሚል ተናጋሪ ሁሉን ያበላሻል፤ ማይክ ያልገባ ቃል ሉፑ ውስጥ የለም። ከታዳሚ ጥያቄ ሲነሳም ማይኩ ይድረሰው፤ ካልደረሰ መድረክ መሪው ጥያቄውን ይድገመው።